ምሳ ሰዓት ላይ የምትራመደው ልጅ

ኬረንሳ ፔንደር በአዲሱ ትምህርት ቤቷ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ነገር ተማረች። ክላሰር በብብቱ ይዞ ፈጠን ብሎ የሚራመድን ሰው ማንም «ወዴት ነው?» አይለውም።

ሩጫ አይሆንም፤ የሮጠን አስተማሪ ያስቆመዋል። ማዝገምም አይሆንም፤ ያዘገመ ሰው ብቻውን መሆኑ ይታወቅበታል። ቀጠሮ ሊያልፍበት የደረሰ ሰው የሚሄደውን ዓይነት አካሄድ ነው መያዝ። በዚያ አካሄድ ከሳይንስ ክፍሎቹ ተነስታ፣ በቤተ መጻሕፍቱ አልፋ፣ የስፖርት አዳራሹን ዞራ፣ በፎቶ ኮፒ ማሽኑ በኩል ተመልሳ የተነሳችበት ለመድረስ አሥራ አንድ ደቂቃ ይፈጅባታል። ምሳ ሰዓቱ ሃምሳ ደቂቃ ነው። አራት ዙር ትሄዳለች፤ የተረፈውን ሽንት ቤት ታሳልፈዋለች፤ ከዚያ ይደወላል።

የመንደሯ ትምህርት ቤት ልጆቹን አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ያሰናብታል። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለት ዓመታት፣ ሲክስዝ ፎርም የሚሉትን፣ መማር የፈለገ ሌላ ቦታ መሄድ አለበት። የልብ ጓደኛዋ ሴናራ ፀጉር ሥራ ልትማር ሄደች። የተቀሩት ግማሾቹ ዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ላይ ሥራ ያዙ፣ ግማሾቹ ግንበኝነት ገቡ። ባዮሎጂ ካልተማርኩ ብላ ሃምሳ ደቂቃ በአውቶቡስ ወደ ከተማ የምትመላለሰው ኬረንሳ ብቻ ሆነች።

የመጀመሪያው ቀን የተማሪዎች ማረፊያ ክፍል ገብታ አንዱ ሶፋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አንዲት ልጅ ፈገግ ብላ፣ «ይቅርታ፣ እዚያ ፖፒ ናት የምትቀመጠው» አለቻት። ተነስታ ሌላ ወንበር ያዘች። «እሱ ደግሞ የነሮሪ ነው» አላት ሌላው፣ እሱም በትህትና። ክፉ ቃል የተናገራት የለም። ከአሥራ አንድ ዓመታቸው ጀምሮ አብረው ያደጉ ልጆች ናቸው፤ እያንዳንዱ ወንበር ባለቤት አለው። ኬረንሳ አንድ ነገር እንደረሳች ሆና ክላሰሯን አነሳችና ወጣች። ከዚያ ወዲህ ተመልሳ አልተቀመጠችም።

ያን ቀን ማታ እናቷ ሎዌና ከአረጋውያን መጦሪያው ሥራዋ መጥታ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «ምሳ ከማን ጋር በላሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ከጄሰሚ ጋር» አለች ኬረንሳ።

ስሙ ከአፏ ያመለጠው ቀኑን ሙሉ ስታየው ስለዋለች ነው። ጄሰሚ ራውስ የመጨረሻው ዓመት፣ የአሥራ ሦስተኛ ክፍል፣ ተማሪና የተማሪዎች ተጠሪ ናት። ትልቅ ፎቶዋ መተላለፊያው ላይ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ «ያስጨነቃችሁ ነገር ካለ አናግሩኝ» ይላል። ኬረንሳ በዚያ ፎቶ ፊት በቀን አራት ጊዜ ታልፋለች።

«ጄሰሚ!» አለች እናቷ ፊቷ በርቶ። «እንዴት ያለች ልጅ ናት?»

ውሸት አንድ ጊዜ በር ከተከፈተለት ዘመዶቹን ይዞ ነው የሚገባው። ጄሰሚ ሎሚ አትወድም ሆነ፤ ጄሰሚ ቢስኬት የሚባል ውሻ አላት ሆነ። ሎዌና ዓርብ ዓርብ ሳፍሮን የሚባል ቅመምና ዘቢብ የገባበት ቢጫ ዳቦ ትጋግራለች። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ሁለት ዳቦ ለየብቻ በወረቀት ትጠቀልል ጀመር። «አንዱ ያንቺ፣ አንዱ የጄሰሚ።» ኬረንሳ ሁለቱንም ሽንት ቤት ቆማ ትበላቸዋለች። ሁለተኛው ሁልጊዜ ደረቷ ላይ ይቀራል።

ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ የተማሪዎች ድጋፍ የሚባል ጠባብ ቢሮ አለ። በሩ እርጥበት ስላሳበጠው አይዘጋም። ውስጥ የሚቀመጡት ሚስስ ሆኪንግ በዚያው ትምህርት ቤት አሥራ ስድስት ዓመት ምሳ ሲያበስሉ የኖሩ፣ ኋላ ተምረው ወደ ቢሮ የተዛወሩ፣ አንድ ጉልበታቸው የማይታዘዛቸው ወፍራም ሴት ናቸው። በኅዳር መጀመሪያ አንድ ቀን ወንበራቸውን በሩ ድረስ ጎትተው ጠበቋት።

«አንቺ ወፌ፣ ቁሚ እስቲ።»

«ክፍል አለኝ ሚስ።»

«የለሽም። ምሳ ሰዓት ነው። በዚህ በር ስታልፊ ዛሬ ሦስተኛሽ ነው። ጉልበት ቢኖረኝ እከተልሽ ነበር።»

«መጽሐፍ ልመልስ ነው፤ ቤተ መጻሕፍት።»

«ቤተ መጻሕፍቱ በዚያ ነው» አሉ በመጣችበት በኩል እየጠቆሙ።

ኬረንሳ ጆሮዋ ሲግል ተሰማት።

«ግቢና ብስኩት ብዪ።»

«አመሰግናለሁ፤ አልፈልግም።»

«ሻይስ?»

«ምንም አልሆንኩም ሚስ።»

«ሻይ ትጠጫለሽ ወይ ነው ያልኩሽ። ሆነሻል መቼ ወጣኝ?»

ኬረንሳ አልገባችም። በማግስቱ ግን ሴትዮዋ ሻዩንም ብስኩቱንም ትተው አንድ የታሸገ ቡናማ ፖስታ ያዙና፣ «ጉልበቴ አላስኬድ አለኝ፤ ይቺን ለእንግዳ ተቀባይዋ ታደርሺልኛለሽ?» አሉ። አደረሰች። በማግስቱም ሌላ ፖስታ ነበር፤ ከዚያ በየቀኑ። ኬረንሳ ደስ አላት። አንድ ሰው የእውነት «ወዴት ነው?» ቢላት የምትመልሰው የእውነት መልስ አገኘች።

በሦስተኛው ሳምንት የእንግዳ መቀበያዋ ሴት ታመመችና በምትክ የመጣችው ልጅ ፖስታውን እዚያው ቀደደችው። «ምንድነው ይሄ?» አለች ወረቀቱን እያገላበጠች። «ማክሰኞ፣ የዶሮ ሾርባ። ረቡዕ፣ የተፈጨ ሥጋ በድንች... የዛሬ ሦስት ዓመት የምሳ ዝርዝር ነው እኮ!»

ኬረንሳ ወረቀቱን ከእጇ ላይ ነጥቃ ወደ ቢሮው በረረች።

«እኔ ሕፃን ነኝ?» አለች ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጥላ።

ሚስስ ሆኪንግ ወረቀቱን አዩት፤ እሷንም አዩዋት። «አይደለሽም።»

«ታዲያ ለምን ተጫወቱብኝ? ሁላችሁም እየሳቃችሁብኝ ነበር?»

«ማንም አልሳቀም። የምናውቀው እኔና እንግዳ ተቀባይዋ ብቻ ነን። መላ አጣሁ ወፌ። ብስኩቱን እምቢ አልሽ፣ ሻዩን እምቢ አልሽ፤ ዝም ብዬ እንዳላይሽ ደግሞ አንጀቴ እምቢ አለኝ። ዋሸሁሽ። አጥፍቻለሁ፤ ይቅርታ።»

ኬረንሳ ለምክንያት ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው። ለይቅርታ አልተዘጋጀችም። ቁጣዋ የሚይዘው አጥቶ እንባ ሊሆን ሲል ወጥታ ሄደች።

ከዚያ በኋላ በዚያ በር ላለማለፍ መንገዷን ቀየረች። አዲሱ መንገድ በአሮጌው የመዋኛ ገንዳ ጀርባ ይዞራል። ገንዳው ውሃው ከተለቀቀ ዓመታት አልፈዋል፤ ጣሪያው ያንጠባጥባል፤ የጎኑ በር «መግባት ክልክል ነው» ይላል እንጂ አይቆለፍም። ገና ሊደርስ ሰሞን በዚያ ስታልፍ ከውስጥ ድምፅ ሰማች። በበሩ ስንጥቅ አየች። ባዶው ገንዳ ወለል ላይ፣ ሰማያዊው ሸክላ ላይ፣ ጄሰሚ ራውስ ካፖርቷን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ተቀምጣለች። ከትንንሽ ካርዶች የኬሚስትሪ ቀመር እየደገመች ታነባለች፤ በተሳሳተች ቁጥር ግንባሯን በመዳፏ ትመታለች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ።

ኬረንሳ በጣቷ ጫፍ እየረገጠች ራቀች። በማግስቱ ግን እግሯ እዚያው አደረሳት። ጄሰሚም እዚያው ነበረች። በሳምንቱም። ለማን ይነገራል? የዚህችን ልጅ ዳቦ ለሦስት ወር የበላች ሰው ምን ብላ ነው የምትናገረው?

በጥር የሙከራ ፈተና ደረሰ። ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የአሥራ ሦስተኛ ክፍሎቹ ኬሚስትሪ ሊፈተኑ አዳራሽ ገቡ። ኬረንሳ ነጻ ክፍለ ጊዜ ስለነበራት እንደልማዷ በመተላለፊያው ስታልፍ የሲክስዝ ፎርሙ ኃላፊ ሚስተር ቦሊቶ ክራቫታቸው ትከሻቸው ላይ ወጥቶ ሲሮጡ ተገናኙ።

«ጄሰሚ ራውስን አይተሻታል? በሩ ላይ ስትገባ ተመዝግባለች፣ አዳራሹ ውስጥ ግን የለችም። ስልኳም ዝግ ነው።»

«አላየሁም ሰር» አለች። እውነት ነው፤ ያን ቀን አላየቻትም። ሚስተር ቦሊቶ ሳይሰሟት አለፉ። ኬረንሳ ግን በገንዳው በኩል ታጠፈች።

ጄሰሚ ጥልቁ ጫፍ ላይ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀምጣ ነበር። ቀና ሳትል፣ «ሂጂ» አለች።

«ፈተናው ተጀምሯል።»

«አውቃለሁ። ማን ነሽ?»

«ኬረንሳ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል።»

ጄሰሚ ቀና አለች። «ያቺ የምትራመደው?»

ኬረንሳ ክው አለች። «ታውቂኛለሽ?»

«ማን የማያውቅሽ አለ? የሆነ ሥራ ያለሽ መስሎን ነበር። ሮሪ የጤና ተቆጣጣሪ ናት ብሎ ተወራርዷል።»

ኬረንሳ በዛገው መሰላል ወረደች። ወለሉ ይቀዘቅዛል። ካርዶቹ ዙሪያውን ተበትነዋል።

«ማንበብ አልቻልኩም» አለች ጄሰሚ። «ፊደሉን አየዋለሁ፤ ትርጉሙ ግን አይመጣም። ከገና ወዲህ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። አባቴ ሐኪም ልትሆን ነው ብሎ ለከተማው ሁሉ ነግሯል። የጥርስ ሐኪም ነው፤ ሕመምተኞቹን አፋቸውን አስከፍቶ ነው የሚነግራቸው። እንኳን ደስ አለህ ማለት እንኳን አይችሉም።»

ኬረንሳ ሳታስበው ሳቀች። ጄሰሚም ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረና ልቅሶ ሆነ። ድምፁ በባዶው ገንዳ ዙሪያ ተንከራተተ።

«ሚስስ ሆኪንግን ብታናግሪ...»

«ማንንም! ማንንም አላናግርም። አንቺም አትናገሪም። ቃል ግቢልኝ።»

«እሺ።»

«እሺ ሳይሆን ቃሌ ነው በዪ።»

«ቃሌ ነው።»

ጄሰሚ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። «ዛሬ ቤት አልገባም።»

«ወዴት ትሄጃለሽ?»

«እንጃ። አውቶቡስ እይዝና እስከ መጨረሻው። ከዚያ በእግሬ።»

«ከዚያስ?»

 ጄሰሚ የተሰነጠቀውን ሸክላ በጥፍሯ መፈልፈል ያዘች። ኬረንሳን ዝምታው አስፈራት። የዚያ አውቶቡስ መጨረሻ የእሷው መንደር ነው። ከመንደሩ ቀጥሎ ገደሉ ነው፤ ከገደሉ ቀጥሎ ባሕሩ።

«ውሃ ላምጣልሽ» አለች። «እዚሁ ቆይኝ። ውሃ ብቻ ይዤ ልምጣ።»

ከበሩ እንደወጣች ሮጠች። አንድ አስተማሪ፣ «በመተላለፊያ አይሮጥም!» ብሎ ጮኸባት፤ ዘወር አላለችም። ሁለት ወር ያህል ስትሸሸው በኖረችው በር ተንደርድራ ገባች።

«ሚስ፣ ገንዳው ውስጥ ናት። ጄሰሚ። ቃል ገብቼላት ነበር፤ አልናገርም ብዬ ቃል ገብቼላት ነበር...»

ሚስስ ሆኪንግ ከወንበራቸው ሲነሱ የያዙት ሻይ ፈሰሰ። «ተጎድታለች?»

«አይ። ግን... ቤት አልገባም አለች።»

«በቃ፣ ገባኝ። እያለቀስሽም ቢሆን ምሪኝ።»

መሰላሉን ሲያዩ ሚስስ ሆኪንግ አንዴ ተነፈሱና ጀርባቸውን አዙረው፣ የሚያመውን እግር አስቀድመው፣ እያንዳንዱ እርከን ላይ እየተሳደቡ ወረዱ። ጄሰሚ መጀመሪያ እሳቸውን አየች። ከዚያ ከላይ ጠርዙ ላይ የቆመችውን ኬረንሳን።

«ውሃ ነበር ያልሽው» አለች።

 ሚስስ ሆኪንግ ከጄሰሚ ጎን ሸክላው ላይ ዘጭ ብለው ስለ ፈተናው አንድም ቃል ሳይተነፍሱ፣ «ወይ ጉድ፣ እንደወረድኩት መውጣቱን እንጃ» አሉ። «አብረን መክረማችን ነው። በይ ካፖርትሽን አልብሺኝ።» ከዚያ በእጃቸው ኬረንሳን ሂጂ አሏት።

ጄሰሚ ለሁለት ሳምንት አልመጣችም። ወሬው ግን በየቀኑ መጣ፤ አንዱ ተባረረች አለ፣ አንዱ ታማለች አለ፣ አንዱ ፈተና ሰርቃ ነው አለ። ኬረንሳ የምታውቀውን በሆዷ ይዛ መቆሚያ መቀመጫ አጣች። ጠዋትም በዕረፍትም መዞር ጀመረች። እናቷ፣ «ጄሰሚ እንዴት ናት?» ስትላት፣ «ጉንፋን ይዟታል» አለች፤ እናቷም ዓርብ ዳቦውን ተለቅ አድርጋ ላከች።

ጄሰሚ ስትመለስ የተጠሪነቱን ሥራ ለቃ ነበር። ፎቶዋ ከግድግዳው ወረደ። ሐኪም ዘንድ ትመላለሳለች፣ ጠዋት ጠዋት ሚስስ ሆኪንግ ዘንድ ትገባለች ተባለ። ኬረንሳን መተላለፊያው ላይ ስታገኛት እንደ ግድግዳ እያየቻት ታልፋለች።

በሦስተኛው ቀን ኬረንሳ የማይዘጋው በር ላይ ቆመች።

«ትጠላኛለች» አለች።

«ይሆናል» አሉ ሚስስ ሆኪንግ።

«እንዲህ አይባልም እኮ ሚስ! ‹ኧረ አትጠላሽም› ነው የሚባለው።»

«አንዴ ዋሽቼሽ አየሁት። አይደገምም።» የብስኩቱን ጣሳ ወደ እሷ ገፉ። «እንዳትጠላሽ ብለሽ ዝም ብትዪ ኖሮ ይሻልሽ ነበር?»

«አይ።»

«እንግዲህ።»

ኬረንሳ ገብታ ተቀመጠች። ሻይ ጠጣች። እግሯ ከጠረጴዛው ሥር አላርፍ ብሎ ይዘል ነበር። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ቀን ትገባለች፣ አንዳንድ ቀን ትዞራለች።

በየካቲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወላጆች የሚጠሩበት ቀን ደረሰ። ኬረንሳ እናቷ ሥራ እንዲበዛባት ስትመኝ ሰነበተች። ሎዌና ግን የመጦሪያውን የደንብ ልብስ እንደለበሰች በሰዓቱ መጣች። አዳራሹ በር ላይ የአስተማሪዎችን ስም ዝርዝር ለወላጆች የምታድለው ጄሰሚ ነበረች፤ ሰው አጥሯቸው ሚስተር ቦሊቶ ለምነዋት ነው። ስሟ ደረቷ ላይ ተጽፏል። ኬረንሳ የእናቷን ክንድ ለመያዝ እጇን ዘረጋች፤ አልደረሰችም።

«ጄሰሚ! ጄሰሚ አንቺ ነሽ?» ሎዌና ወረቀቱን ከነእጇ ጥብቅ አድርጋ አቀፈቻት። «አምስት ወር ሙሉ ስምሽን ስሰማ! ጉንፋኑ ተሻለሽ?»

ጄሰሚ ከእናትየው ትከሻ በላይ ኬረንሳን አየቻት። ኬረንሳ ዓይኗን ጨፈነች።

«ተሽሎኛል፤ አመሰግናለሁ» አለች ጄሰሚ ቀስ ብላ።

«ዳቦዬስ? እውነቱን ንገሪኝ። ልጄ ‹ጥሩ ነው ብላለች› ብቻ ነው የምትለኝ።»

ጄሰሚ ትንሽ አሰበች። «ጥሩ ነው። ዘቢቡ ግን ትንሽ በዛብኝ።»

«እሰይ፣ ግልጽ ልጅ!» ሎዌና ከት ብላ ሳቀች። «ባለቤቴም እንደዚያ ነው የሚለኝ።»

እናቷ የባዮሎጂ አስተማሪው ዘንድ ተራ ስትጠብቅ ጄሰሚ ኬረንሳን ካፖርት የሚሰቀልበት ጥግ ወሰደቻት።

«የምን ዳቦ ነው?»

«የሳፍሮን።»

«ስንት በላሁ?»

«ወደ ሃያ።»

«ሌላስ ምን አደረግኩ?»

«ሎሚ አትወጂም። ውሻ አለሽ። ቢስኬት ነው ስሙ።»

«ውሻ ያስነጥሰኛል።»

«ይቅርታ።»

ጄሰሚ ግድግዳውን ተደገፈች። «ይሄ ስለዳቦው ነው። ስለዚያኛው አሁንም ተናድጄብሻለሁ። ቃል ገብተሽልኝ ነበር።»

«አውቃለሁ። እንደገና ቢሆንም እናገር ነበር።»

«እሱንም አውቃለሁ። የሚያናድደኝ እኮ እሱ ነው» አለችና ወረቀቶቿን ሰብስባ ወደ በሩ ተመለሰች።

ወደ ቤት ሲመለሱ መኪናዋ ውስጥ ሎዌና ስለ ጄሰሚ ማውራት አላቆመችም። መልኳ፣ ግልጽነቷ፣ ቅጥነቷ። ኬረንሳ ከዚያ በላይ መስማት አልቻለችም።

«እማ፣ ጄሰሚን እስከ ጥር ድረስ አናግሬያት አላውቅም።»

ሎዌና መኪናዋን ከጠባቡ መንገድ ዳር አስጠግታ አቆመች። «ዳቦውን ማን በላው?»

«እኔ።»

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም።»

«ምሳሽን ከማን ጋር ነበር የምትበዪው?»

«እየሄድኩ።»

ሎዌና ግንባሯን መሪው ላይ ስትደፋ ጥሩምባው ጮኸ፤ ሁለቱም ደነገጡ። «አምስት ወር» አለች ቀና ሳትል። «እየመጣሁ እጠይቅሻለሁ፣ ደስ ብሎኝ እተኛለሁ። እጠይቅሻለሁ፣ ደስ ብሎኝ እተኛለሁ።»

«አንቺ ደስ ሲልሽ ነው እኮ ማቆም ያቃተኝ።»

 እናቷ ሞተሩን አስነስታ ወደ ቤት ነዳች። በሚቀጥለው ዓርብ ዳቦ አልተጋገረም። በሌላው ዓርብ ሎዌና ሊጡን አቡክታ ስታበቃ፣ «ስንት ልጠቅልል?» ብላ ጠየቀች፤ ኬረንሳም፣ «አንድ። ምናልባት ለሚስስ ሆኪንግ ሁለት» አለች። በዚህ ታረቁ።

በመጋቢት አንድ ቀን ከትምህርት መውጫ ላይ ጄሰሚ ራሷ ፈልጋት መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ዛሬ ጠዋት ሰረዝኩት» አለች። «የሕክምና ትምህርት ማመልከቻዬን። ሚስተር ቦሊቶና ሚስስ ሆኪንግ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። አባቴ አሁን ሊወስደኝ በር ላይ መጥቷል። አያውቅም።»

«ሚስስ ሆኪንግ አብረውሽ ይሂዱ?»

«እሳቸው ከመጡ ስብሰባ ያደርገዋል። አንቺ ምንም አትበዪ፤ ብቻ እስከ በሩ ድረስ ሸኚኝ። ወደ ኋላ እንዳልመለስ።»

ሄዱ። ጄሰሚ በየአሥር እርምጃው ትቆማለች፤ ኬረንሳ አብራት ትቆማለች፤ ደግሞ ይሄዳሉ። በሩ ላይ ግራጫ መኪና ቆሟል። ጄሰሚ በሩን ከፍታ ገባች።

ኬረንሳ መንገዱን ተሻግራ የአውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆመች። መኪናው አልተንቀሳቀሰም። መስኮቱ በትንፋሽ ጉም እየተሸፈነ ሄደ። የአባትየው እጅ ከመሪው ላይ ሲነሳ አየች፤ ወዴት እንደሄደ አላየችም። አውቶቡሷ መጣ፤ በሩ ተከፈተ።

«ትወጫለሽ ወይስ አትወጪም?» አላት ሹፌሩ።

መኪናው አሁንም እዚያው ነው። «አልወጣም።»

«ቀጣዩ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ሹፌሩ ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ኬረንሳ ከመጠለያው እስከ ምሰሶው፣ ከምሰሶው እስከ መጠለያው ተመላለሰች። ዝናብ ጀመረ። ሃያ ደቂቃ ቆይቶ መኪናው ተነሳና የቤታቸውን መንገድ ትቶ ወደ ወደቡ ቁልቁል ወረደ። ለምን ወደዚያ? ጥሩ ይሁን መጥፎ የምታውቅበት አልነበራትም። ስልኳን አወጣች፤ መለሰች፤ አወጣች። ሚስስ ሆኪንግ ጋ ልሂድ ብላ ግማሽ መንገድ ተሻግራ ተመለሰች። የባሕር ወፎቹ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ላይ ይነታረካሉ።

ስልኩ ሲንቀጠቀጥ እጇ ርሶ ስለነበር መልእክቱ በመጀመሪያው ንክኪ አልተከፈተም።

«አለቀሰ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ራበኝ አለ። አሳ ጥብስና ድንች እየበላን ነው። ታዲያ ምን ልትሆኚ ነው አለኝ፤ አላውቅም አልኩት። እሺ አለ። ኬረንሳ፣ እሺ አለኝ!»

አነበበችው። እንደገና አነበበችው። ረጅም መልስ ጻፈችና አጠፋችው፤ ሌላ ጻፈችና አጠፋችው። በመጨረሻ «ጎሽ» ብላ ላከች። ወዲያው ደግሞ ያነሰ መሰላትና «ነገ እንገናኝ» ብላ ጨመረች። መልሱ እስኪመጣ ዓይኗን ከስልኩ ላይ አልነቀለችም።

«ነገ አይሆንም፤ ሐኪሟ ጋ ነኝ። ሐሙስ።»

ቀጣዩ አውቶቡስ መብራቱን አብርቶ በዝናቡ ውስጥ ብቅ አለ። ያው ሹፌር ነበር፤ ደርሶ መመለሱ ነው።

«አሁንስ?» አላት በሩን እየከፈተ።

«አሁን እወጣለሁ» አለች ኬረንሳ ፀጉሯን እያራገፈች።